ከሀገር ቤት የሚመጣው የመድኃኒት ጥቅልና እርግዝና፦ አብሽ፣ ቴልባ፣ ጤና አዳም እና የሾተላይ ሥር

ሜሪላንድ_ነኝ
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ማርቆስ ትመጣለች። ቪዛው ገና ሳይመታ ሻንጣው ሞልቷል። ትናንት በስልክ ስትዘረዝርልኝ፦ የተፈጨ አብሽ፣ የተቆላ ቴልባ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ የደረቀ ጤና አዳም ከነፍሬው። እዚህ ድረስ ምንም አላልኩም። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አንዲት ነገር ደግሞ በጨርቅ ቋጥሬልሻለሁ፤ እንደመጣሁ በማር ትውጫታለሽ» አለችኝ። ሥር ነው። ከአንድ መድኃኒት አዋቂ ያመጣችው የሾተላይ ነው አሉ። አዲስ አበባ እያለሁ አራት ወር የሞላው ጽንስ ወርዶብኝ ስለነበር ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ምን የሚባል ሥር ነው ስላት «ስሙ አይነገርም፣ ከተነገረ አይሠራም» አለችኝ።

እባካችሁ «ሐኪምሽን ጠይቂ» ብቻ ብላችሁ አታልፉኝ። ጠይቄያለሁ። አብሽን በፈረንጅ ስሙ ስነግራት አወቀችው፤ ጤና አዳም ላይ ስንደርስ እኔው ፊት ስልኳን አውጥታ መፈለግ ጀመረች። የምታውቁ ንገሩኝ፦ የቱን ልጠቀም፣ የቱን ልተው? እናቴንም ሳላስቀይም።

እማማ_ወለላ
ልጄ፣ ማርያም በሰላም ትገላግልሽ። እናትሽ የምታደርገውን ታውቃለች። አብሽ ለአራስ ነው እንጂ ለእርጉዝ አይደለም። ቴልባ ወርሽ ሲገባ ነው፤ ሆድ ያለሰልሳል፣ ምጥ ያቀላል። ጤና አዳም ቡና ላይ ቅንጣት ጣል ማድረግ ያለ ነው፤ አፍልቶ መጠጣት ግን እርጉዝ ላይ አይደረግም። እርጉዝ ኮሶ አትጠጣም፣ እንቆቆም ቢሆን፣ እሬትም ቢሆን። እንዶድማ ለልብስ ነው። ይህን ያልሰማ ያገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሐኪም ሳይኖርም እናቶቻችን «ይኸ ለነፍሰ ጡር አይሆንም» የሚሉት ነበራቸው።

የሾተላዩን መድኃኒት ግን አትናቂ። ልጅ አልበረክት ብሏት ኖራ በዚያ የዳነች ጎረቤት ነበረችኝ፤ ልጁ ዛሬ ሹፌር ነው።

ፋርማሲው_ጥግ
እማማ ያሉት አብዛኛው ልክ ነው፤ እንዲያውም እኔ መደርደሪያዬ ላይ ከማነባቸው ማስጠንቀቂያዎች ጋር ይገጥማል። ሥሩን ለጊዜው ልተወውና ስለ ወጥ ቤቱ ዕቃ ልበል።

አብሽ፦ በምግብ መጠን፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ ገብቶ፣ ማንም አይከለክልሽም። በብዛት ወይም በእንክብል መልክ ግን በእርግዝና አይመከርም፤ ማህፀን ሊያነቃቃ ይችላል፣ የደም ስኳርም ይቀንሳል። የእርግዝና ስኳር ታይቶብሽ መድኃኒት ከጀመርሽ ወይም የደም ማቅጠኛ የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪምሽ ሳትነግሪ እንዳትጀምሪ። ሽምብራና ለውዝ የማይስማማው ሰውም አብሽ ሊቆጣው ይችላል፣ ዘመዳሞች ናቸው። ከወለድሽ በኋላ ለወተት መጠጣቱ የኖረ ልማድ ነው፤ ማስረጃው ግን ሰው እንደሚያወራው አይደለም። ኮክሬን የሚባለው የጥናቶች ገምጋሚ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ወተት መጨመሪያዎች ያሉትን ጥናቶች ሰብስቦ አይቶ ነበር፤ አብሽን ጨምሮ ውጤታቸው እርግጠኛ የሚያሰኝ ሆኖ አላገኘውም። ወተት የሚያመጣው ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው።

አሜሪካ ስላለሽ አንድ ነገር ልጨምር። አብሽ የጠጣች እናት ላቧም፣ የሕፃኑ ሽንትም የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ሜፕል ሲረፕ በሽታ የሚባል አስጊ የውልደት ችግር ደግሞ ተመሳሳይ ሽታ አለው፤ በዚህ የተነሳ ሐኪሞች ደንግጠው ጤነኛ ሕፃን ምርመራ ላይ ያስገቡበት ጊዜ አለ። ለሕፃናት ሐኪሙ አስቀድመሽ «አብሽ እጠጣለሁ» በይ፣ አለቀ።

ጤና አዳም፦ ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ቡና ላይ አንድ ቅንጣት ሌላ ነገር ነው፤ ተቀቅሎ በብርጭቆ ሲጠጣ ግን ሌላ። በአይጥ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ጽንስ ሲጎዳ ታይቷል። በላቲን አሜሪካ ዘመዱን ተክል ለማስወረድ አፍልተው የጠጡ ሴቶች ጉበትና ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብተዋል፤ የሞቱም አሉ፤ ከኡራጓይ የተጻፈ ዘገባ አለ። እስክትገላገዪ ድረስ ቡናሽንም ያለ እሱ ጠጪ ብልሽ ምን ይጎድልሻል?

ጥቁር አዝሙድና ፌጦ በምግብ ላይ እንደ ቅመም ይሁኑ፤ ፌጦ በሎሚ ተበጥብጦ እንደ መድኃኒት የሚጠጣውን ግን ተዪው። ማቅለሽለሽ ካስቸገረሽ ዝንጅብል አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የእርግዝና ክትትል መመሪያው ላይ ለመጀመሪያ ወራት ማቅለሽለሽ ያስገባው ነው።

ያገር_ልጅ
ፋርማሲስቱ ሁሌም ፋርማሲስት ነው። ፈረንጅ የሰራው ኪኒን ከየት የመጣ መሰላችሁ? የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ሆርሞኑ የተሠራው ሜክሲኮ ጫካ ውስጥ ከሚበቅል የቦዬ ዘመድ ሥር ነው፤ ገበሬው ቆፍሮ ሸጠ፣ ኩባንያው ከበረ። እንዶድንስ አላያችሁም? ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ቦታ በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይቶ ለቢልሃርዝያ መከላከያነት ያገኘውን፣ በኋላ ኦሃዮ ያለው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለሌላ ጥቅም ፓተንት አወጣበት። የራሳችንን እየናቅን የነሱን እንገዛለን። እናትሽ ያመጣችውን ዋጪ።

ዕፅ_አጥኚ
ያገር ልጅ፣ ታሪኩን አልተሳሳትክም። መደምደሚያህ ግን ከታሪኩ አይወጣም። ሜክሲኮ ላይ የሆነው እኮ ሴቶች ሥሩን በማር ውጠው አይደለም። ከሥሩ ዳዮስጀኒን የሚባል ንጥረ ነገር ወጣ፣ ራስል ማርከር የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ፕሮጄስትሮን ወደሚባለው ሆርሞን የሚለውጥበትን መንገድ አገኘ፣ ከዚያም መጠኑ በሚሊግራም ተለካ። ሥሩን ብትቅመው አታረግዝም ማለት አይደለም።

እንዶድም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለወሊድ መከላከያነት ተፈትኗል፤ የወንድ ዘር ይገድላል፣ ገና የተፀነሰውንም ያጠፋል ተብሎ ታትሟል። ለምን መድኃኒት ሆኖ አልወጣም? ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የሰውንም ሕዋስ ስለሚያፈርስ ነው። እኛ ዘንድ ለማስወረድ የጠጡት ሴቶች ምን እንደሚሆኑ እዚህ ቤት የምትጽፈው አዋላጅ ብትመጣ ትነግረናለች።

የራሳችን ተመራማሪዎችም ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ ጥናት ከመውለድ ጋር በተያያዘ የሚጠቀሱ 70 የኢትዮጵያ ዕፅዋት ተፈትሸዋል። በ2006 ደግሞ ሁለት ወጡ፦ አንዱ በቀስተኒቻ ቅጠልና ሥር ላይ፣ ሌላው በጠለንጅ ላይ፤ ሁለቱም በአይጦች ላይ እርግዝና የሚያውክ ውጤት አሳይተዋል። ጠለንጅ ማለት በየአጥሩ ሥር በቅሎ ልብስ ላይ የሚጣበቀው ነው፤ ልጆች ሆነን ከካልሲያችን ስንለቅመው የምንውለው። እነዚህን ጥናቶች የሚጠቅስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አያችሁ፣ ይሠራል!» ይላል። እኔ የማነበው በተቃራኒው ነው። ይሠራል ማለት እኮ ባልታሰበ ሰውም ላይ ይሠራል ማለት ነው። ለሆድ ቁርጠት ብላ የጠጣች እርጉዝ ላይም።

እህቴ፣ ስለ ሥሩ፦ ስሙ ያልታወቀ ነገር ላይ ማንም ምንም ሊልሽ አይችልም። እናትሽ ስትመጣ ቅጠሉን ያየችው እንደሆነ ጠይቂያት። ደግሞ እዚያ ኤርፖርት ዘርና ሥር የያዘ ሰው ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ ካላሳወቀች ቅጣት አለው። ምናልባት ጉምሩኩ ይገላግልሽ ይሆናል።

አዋላጅ_ከባሕርዳር
ሁላችሁም ሥሩን ስታገላብጡ ዋናውን ጥያቄ የጠየቃት የለም። እህቴ፣ የደም ዓይነትሽ ምንድን ነው?

ሜሪላንድ_ነኝ
ሲስተር፣ ኦ ኔጋቲቭ ነኝ። ባለቤቴ ቢ ፖዘቲቭ።

አዋላጅ_ከባሕርዳር
ገምቼ ነበር። ያኔ ጽንሱ ሲወርድ በ72 ሰዓት ውስጥ መርፌ ተሰጥቶሽ ነበር? አንቲ ዲ የሚባል።

ሜሪላንድ_ነኝ
አልተሰጠኝም። ማህፀኔን አጽድተው «ትንሽ ዕረፍት አድርጊ» ብለው ላኩኝ። ስለ ደም ዓይነት ማንም አንድም ቃል አላለኝም። ኔጋቲቭ መሆኔን ያወቅሁት እዚህ ክትትል ስጀምር ነው።

አዋላጅ_ከባሕርዳር
እንግዲያው በደንብ አድምጪኝ፤ ሌሎቻችሁም አንብቡት፣ እዚህ ሀገር ሾተላይ ሲባል ያልሰማ ቤተሰብ ስለሌለ።

ሾተላይ ከሚባለው ውስጥ ብዙው ይህ ነው፦ እናት አርኤች ኔጋቲቭ (አርኤች የሚባለው ምልክት ቀይ ደሟ ላይ የሌላት)፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ ጽንሱ የአባቱን ሊወርስ ይችላል። በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ትንሽ ወደ እናት ይገባል። የእናት ሰውነት ባዕድ መጣብኝ ብሎ መከላከያ ያበጃል፤ ያበጀውንም አይረሳም። በዚህ የተነሳ የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡት ፖዘቲቭ ልጆች ላይ ግን መከላከያው በእንግዴ ልጁ አልፎ ቀይ ደማቸውን ያፈርሰዋል። ሆድ ውስጥ ደሙ አልቆ፣ አብጦ ይሞታል፤ ወይ ተወልዶ ዓይኑ ድረስ ቢጫ ይሆናል። አያቶቻችን ያዩትን በትክክል ነው ያዩት፤ ልጆች ተከታትለው ይሞታሉ ብለዋል። የሞቱበትን ምክንያት ነው መንፈስ ያሉት።

እማማ ወለላ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የጎረቤትዎን ነገር ልንካው። አባትየው ከእናትና ከአባቱ ከአንዳቸው ብቻ ፖዘቲቩን የወረሰ ከሆነ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ኔጋቲቭ ሆነው ይፀነሳሉ። እነሱን ሾተላይ አይነካቸውም። ቤተሰቡ ሁለት ቀብሮ መድኃኒት አዋቂ ጋ ይሄዳል፣ ሥር ይሰጣል፣ ሦስተኛው ኔጋቲቭ ሆኖ ይወለዳል። ምስጋናው ለሥሩ ይሆናል። አራተኛው ሲሞት ደግሞ «ጾም ገድፋ ውጣው ነው» ይባላል፤ ጥፋቱ ወደ ሴቲቱ ይዞራል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እህቴ፣ አሁን የምታደርጊው፦ ነገ ክሊኒክሽ ደውይና «ከዚህ በፊት በአራት ወር ጽንስ ወርዶብኝ አንቲ ዲ አልወሰድኩም፤ አንቲቦዲ ስክሪን ውጤቴ ምን ነበር?» በያቸው፤ መከላከያው ተፈጥሮ እንደሆነ የሚያይ የደም ምርመራ ነው። ክትትል ስትጀምሪ ከወሰዱት ደም ላይ ሳይሠሩት አይቀሩም፤ ያንን ውርጃ ግን ላያውቁት ይችላሉ። መከላከያው ካልተፈጠረ በ28ኛው ሳምንት እንዳይፈጠር የሚያደርገውን መርፌ ይሰጡሻል፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ይደግሙታል። ተፈጥሮ ከሆነ መርፌው አይጠቅምም፤ ያኔ ጽንሱን በአልትራሳውንድ እየተከታተሉ፣ ካስፈለገም ሆድ ውስጥ እያለ ደም ይሰጡታል። መርፌው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ያለ ነው። እኛ ጋ ዋጋው ከብዷቸው፣ ወይም ከተማ ለከተማ ፈልገው አጥተው የሚመለሱ አሉ። አንቺ ባለሽበት ሀገር በእጅሽ ነው።

ሁሉም ጽንስ በዚህ አይወርድም፤ በአራት ወር የማህፀን አፍ መላላትም አለ፣ ኢንፌክሽንም አለ። ሥሩ የሚጎዳው በመርዝነቱ ብቻ አይደለም። «መድኃኒቱን ወስዳለች» ተብሎ ምርመራው ይቀራል።

እማማ_ወለላ
ልጄ ሲስተር፣ አልተቆጣሁም። ጎረቤቴ ከዚያ ልጅ በኋላ ሌላ አላገኘችም፤ እንዳልሽው ይሆናል። ደሙን እናንተ እዩት፣ ጠበሉን እኛ እናመጣለን። ቴልባውንስ ምን ትያለሽ?

አዋላጅ_ከባሕርዳር
ቴልባ ለድርቀት ደህና ነው፤ በቂ ውሃ ይዘው ይጠጡት። ልጁን ያንሸራትታል የሚለው ግን አይሆንም እማማ፤ ቴልባው በአንጀት ይወርዳል፣ ልጁ በሌላ በር ነው የሚወጣው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቴልባ አይደለም። ምጥ ዘገየ ተብሎ ቤት ውስጥ ሥር ተቀጥቅጦ የሚሰጣት ናት። አንዷ መጥታ ማህፀኗ ጨምቆ ይዞ አይለቅም፤ ምጥ እኮ መሃል መሃል ላይ ማረፍ አለበት፣ ልጁ የሚተነፍሰው ያኔ ነው። የልጁን ልብ ስናዳምጥ ቀርፋፋ። ምን ጠጣሽ ስንላት አማቷን ታያለች። አማቷ ወደ በሩ ታያለች። ስሙን ብናውቅ እንኳ ማርከሻ ባይኖረንም፣ ቢያንስ ምጥ ማፋጠኛ ደርበን እንዳንሰጣት ማወቅ ነበረብን። ልጁ በኦፕራሲዮን ወጣ፣ ተርፏል።

ለማስወረድ እንዶድ ወይም ሌላ ሥር የጠጡትም ይመጣሉ፤ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ደም መፍሰስ፣ ጽንሱም ሳይወጣ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉ የተደፈረችን፣ ዕድሜዋ ያልደረሰችን፣ ጤናዋ አደጋ ላይ የወደቀችን ሴት ጤና ተቋም እንዲያግዛት ይፈቅዳል። ይህን የማያውቁ ልጆች ናቸው ሥር የሚቆፍሩት።

ኮፐንሃገን_ሰፈር
ስለ ስም ካነሳችሁ አይቀር። ሀገር ቤት ለቡዳ የሚጨሰውን ግዛዋ ታውቁታላችሁ አይደል? እዚህ የሐበሻ ልጆች «ጭንቀት ያስታግሳል» ተብሎ በእንክብል እየገዙ ሲወስዱት ነበር፤ አሽዋጋንዳ በሚል የህንድ ስሙ። ዴንማርክ በ2023 ከለከለችው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በሆርሞንና በጽንስ ላይ ያለው ሥጋት ነው። አሜሪካ እንደ ልብ ይሸጣል። እህት፣ የቫይታሚን ጠርሙስሽን ጀርባም አንብቢ፤ ሁሉም ቅጠል ከደብረ ማርቆስ አይመጣም።

ፋርማሲው_ጥግ
ጥሩ አነሳህ። ሌላም ልጨምር፦ ለድብርት ተብሎ ውጭ ሀገር በየሱቁ የሚሸጠው ሴንት ጆንስ ዎርት የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንን ኃይል ይቀንሳል። «ኪኒን እየወሰድኩ አረገዝኩ» ከሚሉት ውስጥ ይህን የሚወስዱ አሉ።

ሜሪላንድ_ነኝ
ደውዬ ነበር። ስክሪኑ ተሠርቶ ኔጌቲቭ ነው፣ መከላከያው አልተገኘም አሉኝ፤ ያለፈውን ሲሰሙ ግን ደግመው ሊሠሩት ቀጠሮ ሰጡኝ፣ የ28ኛው ሳምንት መርፌም ተመዝግቧል። ለእናቴም ነገርኳት። መጀመሪያ «መርፌ ሾተላይ ያባርራል?» ብላ ሳቀችብኝ፤ የሲስተርን ጽሑፍ ሳነብላት ግን ዝም ብላ ሰማች፤ ከዚያ «ታላቅ እህቴም ሁለት ቀብራለች» አለችኝ። ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ሥሩን ትተወዋለች አትተወውም አላውቅም፤ ብታመጣውም አልውጠውም። አብሹን ግን አራስ ቤት ራሷ እንድትመታልኝ ተስማምተናል፤ ሌሊት ዘፍዝፋ፣ ቢጫውን ውሃ ደፍታ፣ አረፋው እስኪነጣ የምትመታውን እኔ አልችልበትም።

ድሬ_ልጅ
ርዕሱ የሴት ቢሆንም ልጠይቅ። ከተጋባን ሦስት ዓመት አለፈ፣ ልጅ የለም። ባለቤቴን እናቴ ከአንዱ መድኃኒተኛ ወደ ሌላው እያዞረቻት ነው፤ «ማህፀኗ ቀዝቅዟል» ብለው ያልሰጧት ቅጠል የለም። እኔ ጤነኛ ነኝ። እቅማለሁ፣ እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው። ማህፀን የሚያሞቅ የተረጋገጠ ዕፅ ካለ ንገሩኝ።

ያገር_ልጅ
ወንድሜ፣ እዚህ ላይስ እኔም ከምርመራው ወገን ነኝ። መጀመሪያ አንተ ተመርመር።

አዋላጅ_ከባሕርዳር
ማህፀን አይቀዘቅዝም ወንድሜ። ቱቦ ግን ይዘጋል፤ ካልታከመ ክላሚዲያና ጨብጥ በኋላ የሚመጣ ነው፣ የተዘጋ ቱቦ ደግሞ በቅጠል አይከፈትም። ከእሷ ምርመራ ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ግን ያንተ ነው፤ ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ የወንዱም ድርሻ አለበት። ጤነኛ ነኝ የሚለው ወንድ በምን አወቀ? በአልጋ ላይ ብርታት የዘር ብዛት አይታወቅም።

ዕፅ_አጥኚ
ጫቱ ላይ፦ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት የዘወትር ቃሚዎች የዘር ፈሳሽ ከማይቅሙት ጋር ተነጻጽሮ ቁጥሩም፣ እንቅስቃሴውም፣ ቅርጹም ዝቅ ብሎ ታይቷል። ዕፅ የወንድንም መውለድ ይነካል። ቻይናዎች ከጥጥ ፍሬ ያወጡትን ጎሲፖል በሺህ ለሚቆጠሩ ወንዶች እንደ ወሊድ መቆጣጠሪያ ሰጥተው ነበር፤ ዘሩን አቆመ፣ ግን አንዳንዶቹ ላይ ሲያቆሙትም ሳይመለስ ቀረ፣ ፖታሲየማቸውም ወረደ፤ ተተወ።

ድሬ_ልጅ
እሺ። ምርመራው እንዴት ነው? ጫቱንስ ካቆምኩ ወዲያው ይስተካከላል?

ፋርማሲው_ጥግ
ከምርመራው በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ትታቀባለህ፤ ናሙናው እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፣ ካልሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰውነትህ አጠገብ ሞቅ ብሎ መድረስ አለበት። ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ዛሬ ጫት ብታቆም ለውጡ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ በሚሰጥ ናሙና ነው። አሁን አንዱን ስጥ፣ ከሦስት ወር በኋላ ድገም። ውጤቱ ካላማረ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሪፈሩን ቀደም ብለህ አስጽፍ። እስከዚያ ለባለቤትህ የሚሰጣትን ቅጠል አስቁምላት፤ አርግዛ ከሆነስ?